በረዶ አገር ክረምቱ እንዴት ያልፋል? ማርቆስ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከካናዳ ኤድመንተን ለእረፍት ደብረ ማርቆስ በገባሁ ቁጥር ሻንጣዬ ሳይፈታ ጥያቄው ይጀምራል። ጠያቂው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ቪዛ የመታላቸው ልጆች አሉ፤ ልጃቸውን የላኩ እናቶች አሉ፤ እንዲሁ ጨዋታ የሚወዱ ጎረቤቶችም አይጠፉም። መልሱን አንዴ ጽፎ ማስቀመጥ ሳይሻል አይቀርም። የምመልሰው ስለምኖርባት ከተማ ብቻ ነው። ሌላው የበረዶ አገር የራሱ ጠባይ አለው።

እውነት ያን ያህል ይበርዳል? ከጮቄ ተራራም ይብሳል?

ይብሳል። ጮቄ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ግን ሁሉም ይረሳል። ኤድመንተን ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን ማንም አያወራለትም። ከዜሮ በታች 30 የሚገባባቸው ቀኖችም በየክረምቱ አይጠፉም። ያኔ ትንፋሻችሁ ሽፋሽፍታችሁ ላይ ይጋገራል። አየር ስትስቡ አፍንጫችሁ ውስጥ ያለው ፀጉር ድርቅ ሲል ይታወቃችኋል። ከዜሮ በታች 40 ላይ ሴልሺየስና ፋራናይት አንድ ቁጥር ይሆናሉ። አሜሪካ ካለ ዘመድ ጋር በዲግሪ መከራከር የሚቆመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኤድመንተን ከማርቆስ ዝቅ ያለች ናት ይባላል። ታዲያ ብርዱ ከየት መጣ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። የጎጃም ሰው ብርድን የሚያውቀው በዳገት ነው። ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ልብስ ታወልቃላችሁ፤ ደጀን ስትወጡ ትደርባላችሁ፤ ጮቄ ስትደርሱ ትንቀጠቀጣላችሁ። ቆላው ዓመቱን ሙሉ ቆላ ነው፤ ደጋውም ደጋ። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ኤድመንተን 670 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዓባይ ድልድይ ሁሉ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። በእኛ ሂሳብ ማሽላ የሚበቅልባት ቆላ መሆን ነበረባት።

እዚያ ግን ብርድና ሙቀትን የሚለየው ከፍታው ሳይሆን ወሩ ነው። ማርቆስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት፤ ኤድመንተን ከ53 ዲግሪ በላይ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳትል ጥግ ጥጉን ሄዳ ትጠልቃለች። ጨረሯ በአግድም ስለሚመጣ ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም። ውቅያኖስም ቅርብ አይደለም፤ ቢቀርብ ኖሮ በጋ ያጠራቀመውን ሙቀት ያካፍል ነበር። በሰሜን በኩል ደግሞ ከዋልታ የሚወርደውን አየር የሚያግድ ተራራ የለም። ያችው ከተማ ሐምሌ ላይ 30 ዲግሪ ትገባለች። አጎቴ ይሄን አላምን ብሎ ፎቶ አሳይ አለኝ።

ስንት ወር ይቆያል?

እኛ ጤፍ ስናጭድ፣ ኅዳር ላይ መሬቱ ይነጣል። እስከ መጋቢት መጨረሻ አይለቅም። በሚያዝያም ፋሲካን ጠብቆ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ያ ነው የሚያናድደው።

ቤት ውስጥስ እንዴት ይቻላል?

ቤት ውስጥ ብርድ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ ቤት ውስጥ የምንዘፈዘፈው ሐምሌ ላይ ማርቆስ ስመጣ ነው። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ አለ፤ ሞቃት አየር በየክፍሉ ይነፋል። ቤቱ 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ይቀመጣል። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ሆኖ እናንተ በካናቴራ ሻይ ትጠጣላችሁ።

ጣጣው ድርቀቱ ነው። አየሩ ውኃ የሚባል የለውም። ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ልጆችን ይነስራቸዋል፤ የበር እጀታ ስትነኩ ኤሌክትሪክ ቆንጠጥ ያደርጋችኋል። አየር የሚያረጥብ ማሽን ብዙ አያስወጣም፤ ግዙ። ከአገር ቤት የመጣ ቅቤ በዚህ ወቅት ከፀጉርም አልፎ ተረከዝ ድረስ ይወርዳል። ሽታው ለሥራ ባልደረባ አይሆንም ካላችሁ ቅዳሜን ጠብቁ።

መብራትስ ይጠፋል ወይ ላላችሁኝ፣ አልፎ አልፎ እንጂ እንደኛ አይደለም። ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ብርዱ ሲበረታ የክፍለ አገሩ ኃይል ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ምሽት ላይ የሁሉም ሰው ስልክ በአንዴ ጮኸ። የማያስፈልግ መብራት አጥፉ፣ ምጣድና ማጠቢያ ማሽን አቁሙ የሚል የመንግሥት መልእክት ነበር። ሕዝቡ አጠፋ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጭነቱ ቀለለና ተረፍን። እኛ አበሾች ሻማ ፍለጋ ያልተደናገጥነው ለምዶብን ነው።

ለልጄ ጋቢና ቡሉኮ ልላክለት?

እማማ፣ ይላኩለት። ግን ለሶፋና ለአልጋ ነው። የጥጥ ልብስ ላብና እርጥበት ከያዘ አይደርቅም፤ ውጭ ላይ ብርዱን ወደ ሰውነት ይስባል። ውጭ የሚያኖረው ድርብርብ ነው። ከውስጥ ከሰውነት የሚጣበቅ ስስ ልብስ፣ ከመሐል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። አንድ በጣም ወፍራም ነገር ከመልበስ ሦስት ስስ መደረብ ይሻላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲሞቅ አንዱን ያወልቁታል።

ጃኬቱን ከባሕር ዳርም ከመርካቶም አትግዙ። እዚህ ወፍራም የሚባለው እዚያ የመጸው ልብስ ነው። ሰልባጅ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች እዚያም አሉ፤ ደህና ጃኬት በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ማንም አይንቃችሁም። ገንዘባችሁን ለጫማው አውጡ። ቦቱ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ ሰፋ ያለ ይሁን። የጠበበ ጫማ ደም ያግዳል፤ ጣት የሚጎዳውም ያኔ ነው። ጓንት ሲገዛ ደግሞ ጣት ጣቱን የሚለይ ሳይሆን አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ይሁን። ጣቶች ሲነካኩ ይሞቃሉ።

ይሄ የፋሽን ወሬ አይደለም። ነፋሱ ተደምሮ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ሲያልፍ የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊጠቃ ይችላል። ከዜሮ በታች 40 ሲሆን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ የሚያዙት ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ናቸው። ቦታው ነጣ ብሎ ከደነዘዘ አትሹት፤ ወደ ቤት ግቡና ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ ስለማይሰማችሁ ትቃጠላላችሁ።

እንጀራውና ቡናውስ?

እንጀራ አለ። ጤፉ ይገኛል፤ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ችግሩ ሊጡ አልቦካ ማለቱ ነው። በክረምት የኩሽናው ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቀኑን ሙሉ ሳይቦካ ይውላል። መላው ቀላል ነው፦ ምድጃው ውስጥ፣ እሳቱ ጠፍቶ የውስጥ መብራቱ ብቻ እንደበራ ማሳደር። የአምፖሏ ሙቀት ትበቃዋለች። ሊጡ መኖሩን ረስቶ ምድጃውን የሚለኩስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ቡና ሌላ ነው። ቆላን ብላችሁ ጭሱን ስታስነሱ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም ይጮኻል። ስለዚህ ቁላቱ የጭስ መሳቢያው ሥር ነው፤ መስኮቱም ስንጥቅ ያህል ይከፈታል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር አስምሩበት፦ ጭሱ እንዲወጣ ብላችሁ በሩን ወደ ኮሪደሩ አትክፈቱ። የኮሪደሩ አላርም ከተነሳ ሕንፃው በሙሉ ይጮኻል። ጎረቤት ሁሉ ሕፃን ታቅፎ፣ ድመት ይዞ በረዶ ላይ ይወጣል፤ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምን ጎረቤት ቡና ጠጡ ብትሉት ይመጣል?

መኪና ሶኬት ላይ ይሰካል የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። የሚሰካው የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ሳይሆን በቤንዚን የሚሄደውም ነው። ብርዱ ሲጠና የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪው ይደክማል። ስለዚህ ሞተሩን የሚያሞቅ መሣሪያ ይገጠምለታል፤ ገመዱ ከመኪናው ፊት ተንጠልጥሎ ይታያል። ማታ መኪናው የቆመበት ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት የለበትም፤ ከመነሳት ጥቂት ሰዓት በፊት ቢጀምር ይበቃል፤ ለዚህ ሰዓት ቆጣሪ ይሸጣል። ጠዋት ተጣድፎ ገመዱን ሳይነቅል የሚነዳ አይጠፋም። ጋራዥ ውስጥ ዘግቶ ሞተር ማሞቅ ግን ጭሱ ይገድላል፤ በሩ ቢከፈትም አይሞከርም።

በረዶውን ማን ይጠርገዋል?

ዋና ዋናውን መንገድ ከተማው። ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እናንተ። ካልጠረጋችሁ ቅጣት አለው። ጨው በጣም ሲበርድ አይሠራም፤ አሸዋ ነው የሚበተነው። ከተማው አሸዋ የሞላበት ሳጥን በየሰፈሩ አስቀምጦ በነጻ ያስዝቃል። በአካፋ ስትጠርጉ ግፉት እንጂ አታንሡት። ሳይለምዱ እርጥብ በረዶ ሲዝቁ ልባቸው የቆመ ሰዎች አሉ። አጠገባችሁ አዛውንት ካሉ የእሳቸውንም ደጅ ጥረጉ። እዚያ አገር ጎረቤት የሚተዋወቀው በወሬ ሳይሆን በአካፋ ነው።

ታዲያ ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?

ጨለማው። ሰው ብርዱን ሲፈራ እገረማለሁ። ብርድ በልብስ ይመለሳል።

ማርቆስ ላይ የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለያይም። ኤድመንተን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ትገባለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ። በጨለማ ሥራ ትገባላችሁ፤ በጨለማ ትወጣላችሁ። የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆናችሁ ፀሐይን የምታዩት ቅዳሜና እሁድ ነው። ሰኔ ላይ ተገልብጦ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አለ፤ ያኔ ደግሞ እንቅልፍ የለም።

ጨለማው ሰውን ሶፋ ላይ ያስቀምጣል። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። ምሽቱ በስልክ ያልቃል። በክረምት የሰዓት ልዩነቱ 10 ነው፤ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት የቡና ጨዋታ ሲደራ እዚያ ማታ 5 ሰዓት ነው። ከቤተሰብ ጋር ቪዲዮ ላይ ሲያወራ አምሽቶ ጠዋት ፈዞ ሥራ የሚገባ ስንት ሰው አለ። የካቲት ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል፤ አይስቅም። ሐኪም ቫይታሚን ዲ ያዝዛል፤ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት የሚበራ ደማቅ መብራትም ይመክራል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለእኔ ግን ዋናው መድኃኒት ከቤት የሚያስወጣ አንድ የሚወዱት ነገር መያዝ ነው። ይሄን እዚህ ስል «ሥራ ፈት» ይሉኛል። እዚያ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሌለው ሰው ነው የሚታመመው።

ምን ይጫወታሉ ታዲያ?

ብዙ ነው፤ የምወደውን ላስቀድም። ኤድመንተን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ማኅበር አለው፤ አብዛኛው ማኅበር ደግሞ የበረዶ ሜዳ አለው። በጎ ፈቃደኞች ማታ በጎማ ውኃ ሜዳው ላይ ይለቃሉ። ሌሊት ይረጋል፤ ጠዋት መስታወት ነው። እንደገና ያጠጡታል፤ እንደገና ይረጋል። ከጎኑ የምትሞቅ ትንሽ ቤት አለች፤ ጫማ የሚቀየረው እዚያ ነው። ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ትለብሳላችሁ፤ ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ ትስባላችሁ። ላላ ካለ እግር ይታጠፋል። ለጀማሪ እየገፉ የሚደገፉት ብረት አለ። የአራት ዓመት ሕፃን በአጠገባችሁ ሽው ሲል ትንሽ ያሳፍራል፤ ቻሉት። ጉልበት አጠፍ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ ራስ ላይ ሄልሜት። ወድቆ መነሳቱን መጀመሪያ ተማሩ።

እዚያው ሜዳ ላይ ሆኪ አለ። ለጎጃም ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው፤ በረዶ ላይ የሚደረግ የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ ሁለት ወገን፣ ግርግር። ልዩነቱ ሩሩ ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ተጫዋቹ በረኛውን ጨምሮ በየወገኑ ስድስት ነው፤ ጨዋታውም ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ግን አያውቁትም፤ ጓንት ጥለው በቡጢ ይማታሉ፤ ዳኛውም ትንሽ ያያቸዋል። የከተማዋ ቡድን ኦይለርስ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1990 ባለው ጊዜ አምስት ዋንጫ በልቷል። በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም በፍሎሪዳ ተሸነፈ። በነጋታው ታክሲ ስትሳፈሩ ሾፌሩ አያናግራችሁም።

ስኪም አለ። ከተራራ የሚወረደውን ተዉት፣ ውድ ነው። ሜዳ ለሜዳ የሚኬደው ለእኛ ይስማማል፤ ትንፋሽ ነው የሚፈልገው። በከተማዋ መሐል የሚያልፈው የሰሜን ሳስካችዋን ወንዝ ሸለቆ በዛፍ የተሞላ ነው፤ መንገዱ እዚያ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። አበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው መልሱ ሮቤል ተክለማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ሮጦ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳደረ።

በረዶ የማይሆንለት ሰው ቤት ውስጥ ይራመዳል። ዌስት ኤድመንተን ሞል ከ800 በላይ ሱቅ ያለው ነው፤ ውስጡ የበረዶ ሜዳም፣ ማዕበል ያለው መዋኛም አለ። ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳይገቡ ይዞሩታል። እኔ አረንጓዴ ሲናፍቀኝ ሙታርት እሄዳለሁ፤ አራት የመስታወት ፒራሚዶች ናቸው፤ አንዱ ውስጥ የሞቃት አገር ዕፅዋት አለ። ስትገቡ መነጽራችሁ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይቀበላችኋል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ካመለከተ የከተማው ጂምና መዋኛ በነጻ ወይም በቅናሽ ነው። ወረቀቱን የመጀመሪያው ወር ላይ ሙሉ።

ማሲንቆዬን ይዤ ልሂድ?

ይዘህ ሂድ እንጂ! ግን ድርቀቱን አትርሳ። እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል። ሞቃት አየር ከሚነፋበት ቀዳዳ አርቀህ፣ የሚያረጥበው ማሽን ባለበት ክፍል አስቀምጠው። ከውጭ ስትገባም ከቦርሳው ወዲያው አታውጣው፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ከበሮም እንዲሁ ነው።

ወንዙ ሲረጋ በላዩ ይኬዳል?

በወንዙ ላይ አይኬድም። ከላይ የረጋ ይመስላል፤ ከሥር ይፈሳል፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሐይቅ ላይ በረዶው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ሰው ይሄድበታል፤ ለብዙ ሰው 20 ይፈለጋል። ሐይቅ ላይ ቀዳዳ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱ አሉ። የምታውቁት ሰው ከወሰዳችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን አትሞክሩት።

ገናና ጥምቀትስ ይከበራል?

ይከበራል። ሌሊቱን ቅዳሴ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በረዶ ያዘለ ቦት ጫማ ይከመራል። ሁሉም ጥቁር ስለሆነ ሲወጡ የራስን ማግኘት ጣጣ ነው፤ ቀይ ክር እሰሩበት። ነጠላው ከወፍራሙ ጃኬት በላይ ይጣፋል። ጥምቀት ላይ ወንዝ ዳር መውረድ አይታሰብም፤ ውኃው አዳራሽ ውስጥ ነው የሚባረከው። ጸበሉ ሲረጭ ግን ግፊያው ያው የእኛው ነው።

መቼ ብሄድ ይሻለኛል?

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ሐምሌ ወይም ነሐሴ። ቀኑ ረጅም ነው፤ አውቶቡሱን፣ ሱቁን፣ ሰፈሩን በብርሃን ትለምዳላችሁ። ብርዱም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምር ሰውነት ይላመዳል። የክረምት ልብስ መስከረም ላይ ግዙ፤ ኅዳር ላይ ደህናው አልቆ ነው የሚጠብቃችሁ። ቪዛው ጥር ላይ ከመጣ ደግሞ ለተቀባዩ የጫማ ቁጥራችሁን አስቀድማችሁ ላኩለት፤ ጃኬትና ቦት ይዞ ኤርፖርት ውስጥ ይጠብቃችሁ። ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለችውን መንገድ በሸራ ጫማ አትጀምሯት።